ምስጥ አዳኟን ጉንዳን ፍለጋ ሀዋሳ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ ወጣን። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውሃን ተሻግረን ከተማው ስንገባ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ሰው ሀዋሳ የሚመጣው ለሐይቁ፣ ለዓሣው ወይ ለሠርግ ነው። እኔን ያመጣኝ ጉንዳን ነው። አጎቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ መሬት አላቸው። ግራር አለበት፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ፣ መሃሉን በቆሎ። በቅርቡ በስልክ ስናወራ ስለ ምስጥ ሲያማርሩ ቆዩና መሃል ላይ አንድ ነገር ጣል አደረጉ።

«ደግሞ አንድ ጥቁር ጉንዳን አለ። ተሰልፎ ይወጣል፣ ምስጡን በአፉ ይዞ ተሰልፎ ይመለሳል። በእንጨት ነካ ሳደርገው ይጮሃል» አሉኝ።

«ይጮሃል?»

«አዎ። ሽሽሽ ይላል። በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። በሰልፍ የሚዘምት፣ ምስጥ ብቻ የሚያድን፣ ሲነካ በሰው ጆሮ የሚሰማ ድምፅ የሚያወጣ ጥቁር ጉንዳን አውቃለሁ። ስለሱ ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ሳይንሳዊ ስሙ ሜጋፖኔራ አናሊስ ነው። የማታቤሌ ጉንዳን የሚሉትም አሉ፣ በደቡባዊ አፍሪካ በሚታወቁት የማታቤሌ ተዋጊዎች ስም። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በሰፊው ይገኛል። በሳይንስ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1802 ነው፣ ላትሬይ በተባለ ፈረንሳዊ።

የኢትዮጵያውን ለብቻው የሰየመ ሰውም አለ። ፌሊክስ ሳንቺ ይባላል፣ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ከእኛ አገር የተገኘውን «አማዞን» ብሎ በንዑስ ዝርያነት መዘገበው። ይህን ሰው ስለምወደው ትንሽ ልጨምር። ቱኒዚያ ውስጥ ካይሩዋን በምትባል ከተማ ይኖር ነበር። ሕመምተኛ ከማየት የተረፈውን ጊዜ ለጉንዳን ሰጠው። ጉንዳኖች መንገዳቸውን በፀሐይ እንደሚያገኙ ያሳየው እሱ ነው። ፀሐይዋን ከለለባቸው፣ ከዚያ በመስታወት በሌላ ጎን አበራላቸው። ጉንዳኖቹ አቅጣጫ ቀየሩ። ሙከራው ይኸው ነው፣ መስታወትና ትዕግሥት ብቻ።

ማታ ዝናብ ጣለ። የበረንዳው አምፖል ዙሪያ አሸን ፈላ። ከአሸኑ መሃል አንድ ወፍራም፣ ቡናማ፣ ክንፍ ያለው ነገር ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ሆዱ ቋሊማ ይመስላል። የአጎቴ ባለቤት «ተርብ ነው፣ እንዳይነድፍሽ!» ብለው መጥረጊያ አነሱ።

«እትዬ፣ ጉንዳን እኮ ነው።»

«ይሄ? ክንፍ ያለው? ተይ እንጂ ልጄ።»

ጉንዳን ነው። በጫካ ውስጥ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ ያገኘውን ሁሉ የሚበላው የገብረ ጉንዳን ወንድ ነው። ዝናብ ሲጥል ሴት ፍለጋ ይወጣል፣ መብራት ይስበዋል። ወንድ ጉንዳን ስለሆነ መንደፊያ የለውም። እትዬ ግን እስኪወጣ ድረስ መጥረጊያውን ከእጃቸው አልለቀቁም።

ዓርብ

ጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። ጀልባዎቹ ዓሣ ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ ትራፊ ሲጠብቁ አየን። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ጠጣንና ተነሳን። ሐይቁ ያምራል፣ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ወደ አጎቴ መሬት በባጃጅ ሄድን። መጀመሪያ ያሳዩኝ ምስጡን ነው። ጥሩ አደረጉ፣ ምስጡ ካልገባን ጉንዳኗም አትገባንም። የአጥሩ እንጨቶች ከስር ወደ ላይ ቀይ አፈር ለብሰዋል። አጎቴ አንዱን በጣታቸው ፋቅ ሲያደርጉት አፈሩ ተሸረፈ። ከስሩ ነጫጭ ምስጦች ተራወጡ።

«ይኸውልሽ። አምና ነው ያስተከልኩት። አሁን በርግጫ ይወድቃል።»

ይህ ምስጥ ገበሬ ነው። ያመጣውን እንጨትና ደረቅ ሣር ጎጆው ውስጥ ፈንገስ ያበቅልበታል። ፈንገሱ ያለሰለሰውን ነው የሚመገበው። በዝናብ ወቅት ኩይሳ አጠገብ ብቅ የሚለው ትልቅ እንጉዳይ የዚሁ ፈንገስ ነው። የአፈር ሽፋኑን የሚለስነው ደግሞ ከፀሐይና ከጠላት ተከልሎ ለመሥራት ነው። ጎጆው ወታደሮችም አሉት። ራሳቸው ትልቅ ነው፣ መንጋጋቸው ስለት። የትልልቆቹ ዝርያዎች ወታደር የሰው ጣት ያደማል። ወለጋ ውስጥ ሰብልና ቤት በማጥፋት ገበሬውን ለዓመታት ያስለቀሰው ማክሮተርምስ የሚባለው ምስጥ ከዚሁ ወገን ነው።

ሜጋፖኔራ የምትኖረው በእነዚህ ላይ ነው። ምግቧ ምስጥ ነው፣ ያውም ፈንገስ አብቃዩ ወገን ብቻ። ኑሮዋን በሙሉ የታጠቀና የሚዋጋ ጠላት ላይ መሥርታለች። ስለሷ የሚነገረው አስገራሚ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀትር ላይ ምንም አልነበረም። አጎቴ ቀድመው ነግረውኛል። «እሷ ጠዋትና ወደ ማታ ነው የምትወጣው። በዚህ ፀሐይ አታገኚያትም።» መጻሕፍቱም የሚሉት ይህንኑ ነው። አጎቴ ግን ያወቁት እያዩ ነው።

የጎጆዋ በር ምስጥ ከለቀቀው አሮጌ ኩይሳ ስር ነው። ግራሩ ጥላ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ አንዲት ትልቅ ጥቁር ጉንዳን ብቻዋን በሣሩ መሃል እየሮጠች መጣች። ወዲያ ወዲህ አላለችም። በቀጥታ ቀዳዳው ውስጥ ገባች።

«ቃኚዋ ናት» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ቃኚ ምስጥ የሚሠራበትን ቦታ ስታገኝ ብቻዋን አትገጥምም። መንገዷ ላይ የሽታ ዱካ እየጣለች በፍጥነት ወደ ቤት ትመለሳለች። ከዚያ ሠራዊቱን ከፊት ሆና ትመራለች። ይህችም እንደዚያው አደረገች። ብዙ ሳይቆይ ቀዳዳው ጥቁር ሆነ። እየተጋፉ ወጡ፣ ተሰለፉ፣ መንገድ ጀመሩ።

ሰልፉ ጠባብ ነው፣ ከአራት ጣት አይሰፋም። ርዝመቱ ግን ሦስት ሜትር ያህል ነበር። ቀለማቸው የማያብረቀርቅ ጥቁር ነው። በአንድ ሰልፍ ውስጥ ትልልቅና ትንንሽ አሉ። ትልልቆቹ ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይጠጋሉ፣ ትንንሾቹ የእነሱን ግማሽ ቢያክሉ ነው። ሲሄዱ አንዳቸውም ምንም አልያዙም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚጓዙት። ተመራማሪዎች በአንድ ዘመቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ጉንዳን እንደሚወጣ ጽፈዋል። መላው ቤተሰብ አንድ ሺህ ገደማ ነው። ከቤቱ አምስተኛው እስከ ግማሹ ለአንድ ጦርነት ወጣ ማለት ነው።

ሰልፉ ከአጥሩ ስር ሾልኮ ጎረቤት ማሳ ገባ። ባለቤቶቹ አልነበሩም። ያለ ፈቃድ ሰው ማሳ አይገባም፣ እዚያው ቆመን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። አሁን ትልልቆቹ መንጋጋቸው መሃል የምስጥ ነዶ ታቅፈዋል። አንዷ ብቻዋን አራት አምስት ምስጥ ደርባ ይዛለች።

አጎቴ ጎንበስ ብለው በሣር ጫፍ ሰልፉን ነካ አደረጉት። ሽሽሽሽ። ጥርት ብሎ ይሰማል። የሆዷን ክፍሎች እርስ በርስ በማፋተግ የምታወጣው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ ጋሼ።»

ቅዳሜ

ወንዶ ገነት። ፍል ውሃው፣ ጉሬዛው፣ ዋንዛው፣ ብሳናው። ዝናቡ ጫካውን አጥቦታል። ስለ ወንዶ ገነት ብዙ ተጽፏልና የጉንዳኑን ብቻ ልንገራችሁ።

ከዋናው መንገድ ገባ ባለ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ሐሙስ ማታ አምፖላችን ስር የወደቀውን ወንድ ዘመዶች አገኘናቸው። ገብረ ጉንዳን መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ቡናማ ናቸው፣ ያብረቀርቃሉ። ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም ከማይበልጥ ጀምሮ እስከ ትልቅ ጭንቅላት ወታደር ድረስ የሌለ መጠን የለም። ወታደሮቹ ሰልፉን ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቃሉ። ሠራተኞቹ ዓይን የላቸውም፣ ሁሉን የሚያውቁት በሽታና በመነካካት ነው። ስንሄድ ያልፉ ነበር፣ ከሰዓት ስንመለስም እያለፉ ነው።

እነዚህና የአጎቴ ጉንዳን ሁለቱም አዳኝ ናቸው፣ ሁለቱም በሰልፍ ይወጣሉ። ሰው አንድ አድርጎ ቢያያቸው አይገርምም። የኑሯቸው ስሌት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የገብረ ጉንዳን ቤተሰብ በሚሊዮኖች ነው የሚቆጠረው። ንግሥቲቱ በዓለም ካሉ ጉንዳኖች ሁሉ ግዙፍ ናት፣ እንቁላል ማምረት ነው ሥራዋ። ትል፣ ሸረሪት፣ ፌንጣ፣ ማምለጥ ያልቻለ እንስሳ፣ ያገኙትን ይበላሉ። በዘመቻ መሃል አንድ ሺህ ቢያልቅ ሰልፉ አይጎድልም።

የሜጋፖኔራ ቤት ደግሞ በጠቅላላ አንድ ሺህ ገደማ ነው። በየቀኑ ብዙ ጊዜ ስለታም መንጋጋ ካለው ጠላት ጋር ትዋጋለች። በየዘመቻው ጥቂት ብትከስር እንኳን ቤቱ ይራቆታል። ስለዚህ እያንዳንዷ ጉንዳን ዋጋ አላት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ነገ የምነግራችሁ ያለዚህ አይገባም።

አንድ ሌላ ልዩነትም አለ። ሜጋፖኔራ ንግሥቷ ክንፍ የላትም። በብዙ ጉንዳኖች ዘንድ ወጣቷ ንግሥት በርራ ሄዳ አዲስ ጎጆ ትጀምራለች። ይህች አትችልም። ቤቱ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፣ ንግሥቲቱም ከተከታዮቿ ጋር በእግሯ ትወጣለች። የሚበርሩት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከአንድ አካባቢ ከጠፋች ከሩቅ በርራ የምትተካት የለችም።

እሑድ

እትዬ ለቅዳሴ ወደ ገብርኤል ሄዱ። እኔና አጎቴ ጎህ ሲቀድ መሬቱ ላይ ነበርን። ሌሊቱን ዘንቧል፣ አፈሩ ለስልሷል፣ ሣሩ ይረጥባል።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰልፉ ወጣ። ዛሬ ወደ አጥሩ አልሄደም። ወደ እኛ መጣ፣ አለፈን፣ ከግራሩ የወደቀ አንድ ቅርንጫፍ ጋ ለመድረስ እጅ የማይሞላ ሲቀረው ቆመ። ቅርንጫፉ በሙሉ የምስጥ አፈር ለብሷል። ስለዚህ መቆም አንብቤያለሁ፣ ሳየው ግን ትንፋሼን ነው ያጠረኝ። የፊተኞቹ ሳይገቡ ይጠብቃሉ። የኋለኞቹ እየደረሱ ይሰባሰባሉ። ጥቁሩ ክምችት እየሰፋ፣ እየተጠጋጋ ሄደ። ሰልፉ ተሟልቶ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሄዱ።

ትልልቆቹ የአፈሩን ልስን ይሰብራሉ። ትንንሾቹ በተከፈተው ቀዳዳ ይገባሉ። ውስጥ ያለውን ማየት አይቻልም። የሚታየው ትንንሾቹ የሞተ ወይ የደነዘዘ ምስጥ እየጎተቱ መውጣታቸው፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ጥለው እንደገና መግባታቸው ነው። ይነድፋሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይመለሳሉ። የሥራ ክፍፍሉ እንዲህ ግልጽ ነው፦ ትልቋ በር ትሰብራለች፣ ትንሿ ትዋጋለች፣ ከዚያ ትልቋ ምርኮውን ትሸከማለች። ከባዱን ውጊያ የሚዋጉት ትንንሾቹ መሆናቸው እስካሁን ይደንቀኛል።

ከአሥር ደቂቃ ብዙም አላለፈም። መውጣት ጀመሩ። እኔ ግን የመጣሁት ለዚህ ሰዓት ነው። አጎቴን «ጋሼ፣ ምስጡን የያዙትን ሳይሆን ባዶ እጃቸውን የቀሩትን ይዩ» አልኳቸው።

በቅርንጫፉ ጥግ አንዲት ትንሽ ጉንዳን ትንፏቀቃለች። በግራ ጎኗ ሁለት እግር የላትም። ሌላዋ ደግሞ እግሯ ላይ የወታደር ምስጥ ጭንቅላት ተሰክቶ ቀርቷል፣ ምስጡ ሞቶም መንጋጋው አልለቀቀም። ከሰልፉ አንዲት ጤነኛ መጣች። ሁለት እግሯን ያጣችውን በአንቴናዋ ነካካቻት። ቁስለኛዋ የቀሩትን እግሮቿን ሰብሰብ አድርጋ እጥፍ አለች። ጤነኛዋ በመንጋጋዋ ቀስ ብላ አነሳቻትና ከሰልፉ ጋር መንገድ ጀመረች።

አጎቴ ምንም አልተናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

ይህን ለዓለም በጥናት ያሳየው ኤሪክ ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር። የሠሩት ኮትዲቯር ውስጥ ኮሞዌ በሚባል ብሔራዊ ፓርክ ነው። የመጀመሪያው ሥራቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የቆሰለችዋ ጉንዳን ከመንጋጋዋ ስር ካለ ዕጢ ኬሚካል ትለቅቃለች። ዳይሜቲል ዳይሰልፋይድና ዳይሜቲል ትራይሰልፋይድ ይባላሉ፣ ድኝ ያለባቸው ናቸው። ይህ የእርዳታ ጥሪ ነው። ጤነኛዎቹ ሽታውን ተከትለው ይመጣሉ። አንድ ቤተሰብ በቀን ከ9 እስከ 15 ቁስለኛ እንዲህ ወደ ቤት ያስገባል። ብቻቸውን እንዲመለሱ ከተተዉት ቁስለኞች 32 በመቶው መንገድ ላይ ሞተዋል፣ አብዛኛውን በሸረሪትና በመሳሰሉት አዳኞች። ቁስለኛ በማንሳቱ ብቻ ቤተሰቡ 29 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አስልተዋል። ትናንት የነገርኳችሁን የአንድ ሺህ ቤት አስታውሱ። በመቶ 29 ለእንዲህ ያለ ቤት የመኖርና የመጥፋት ጉዳይ ነው።

ሌላም አየን። ከቅርንጫፉ ራቅ ብሎ አንዲት ነበረች፣ አንድ እግር ብቻ የቀራት። ትንፈራገጣለች፣ ትሽከረከራለች። ሁለት ጉንዳኖች ደርሰው ሊነኳት ሞከሩ። አልተረጋጋችም። ትተዋት ሄዱ። የፍራንክ ጥናትም የሚለው ይህንኑ ነው። በጣም የተጎዳችዋ ረግታ እጥፍ ማለት ስለማትችል የሚያነሳት አይችልም። ትንሽ የቆሰለችዋ ትረጋለች፣ ትነሳለች። ማን ይዳን የሚለውን የሚወስነው የቁስለኛዋ ሁኔታ ነው እንጂ የአንሺዋ ምርጫ አይመስልም። ይህን ማየት ከባድ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጎጆ ውስጥ ነው፣ እኛ አናየውም። ተመራማሪዎቹ ግን ጎጆው ውስጥ የሚሆነውን በካሜራ አይተውታል። መጀመሪያ የተሰካውን የምስጥ ጭንቅላት ይነቅላሉ። ከዚያ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ ይልሱታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሥራ እንክብካቤ ያላገኙ ቁስለኞች 80 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ሲሞቱ፣ የተላሱት የሞቱት 10 በመቶው ብቻ ነው። ገዳዩ የደም መፍሰስ እንዳልሆነም አረጋገጡ። ከጀርም በጸዳ ቦታ የተቀመጡት ያለ እንክብካቤም አብዛኞቹ ተርፈዋል። የሚገድለው ኢንፌክሽን ነው።

ከዚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 የበለጠ የሚገርም ነገር መጣ። ጉንዳኖቹ ቁስሉ ኢንፌክሽን እንዳለበትና እንደሌለበት ይለያሉ። በሆስፒታሎች ሐኪሞችን የሚያስቸግረው ሲውዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ቁስሉ ውስጥ ሲገባ የጉንዳኗ የቆዳ ሽታ ይለወጣል። ጓደኞቿ ያን አሽትተው ለብቻ ሕክምና ይጀምራሉ። በደረታቸው ጀርባ በኩል ካለ ዕጢ ፈሳሽ በአፋቸው ይወስዳሉ፣ ቁስሉ ላይ ይቀባሉ። ፈሳሹ ውስጥ ከመቶ በላይ ኬሚካሎችና 41 ዓይነት ፕሮቲን ተገኝቷል፣ ብዙዎቹ ጀርም የሚገድሉ ናቸው። በኢንፌክሽን የሚሞቱትን ቁጥር በ90 በመቶ ይቀንሰዋል። ንጹሕ ቁስል ላይ ግን ይህን ፈሳሽ እንዲህ አዘውትረው አያወጡትም። መድኃኒት ይቆጥባሉ።

ይህን ሁሉ ግራሩ ስር ተቀምጠን ለአጎቴ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ሐኪም ቤት አላቸው በይኛ!»

«አላቸው ጋሼ።»

«የተነሳችው ልጅስ፣ ትድናለች?»

ትድናለች። የጠፋው እግር አይመለስም፣ ነገር ግን አንድ ቀን ካረፈች በኋላ በአራት እግር ሮጣ ከጤነኞቹ ብዙም አታንስም። በሚቀጥለው ዘመቻ ትሰለፋለች። አጎቴ ይህን ሲሰሙ ረጅም ሰዓት ሰልፉን ተከትለው እግር ሲቆጥሩ ቆዩ። አንዲት አምስት እግር አገኙ። ከዚያ ሌላ። እኔን እየጠሩ ያሳዩኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ያላነሳሁትን ነገር አነሳሁ። መሣሪያ ማስቀመጫቸው ውስጥ ማላታይን የሚባል የተባይ መርዝ ጠርሙስ አይቻለሁ። ለምስጡ የገዙት ነው። ኩይሳውን ሁሉ ሊያፈሱበት አስበዋል፣ አሮጌውንም ጨምሮ። ጉንዳኗ ምስጡን አታጠፋም፣ ይህን ግልጽ ማድረግ አለብኝ። የምትዘምተው ውጭ ለምግብ በወጡት ላይ ነው። ዋናው ጎጆና የምስጧ ንግሥት አይነኩም። ግን በየቀኑ፣ ያለ ክፍያ፣ ከአጥርና ከበቆሎ ስር ምስጥ እየለቀመች የምትወስድ ሌላ ማን አለ? ንግሥቷም አትበርርም፣ ዛሬ ካጠፏት ከጎረቤት መንደር ወዲያው አትመጣም። እንዲህ አልኳቸው።

አጎቴ አሰቡበት። «አሮጌውን ኩይሳ አልነካም» አሉ። «የአጥሩን ግን ዝም አልለውም፣ ስንት ብር አውጥቼበታለሁ።» ተገቢ ነው፣ አልተከራከርኩም። ቤት ስንደርስ እትዬ ቆጮና ጎመን አቅርበው ጠበቁን።

ሰኞ

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከመናኸሪያ በጠዋት ያዝኩ። መንገድ ላይ የጻፍኩት ለናንተም ይጠቅማል።

ሜጋፖኔራን ማየት የፈለገ ኩይሳ ያለበት፣ ግራር የበቀለበት ክፍት መሬት ይምረጥ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ባለው ጠዋት ወይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሂድ። መሬቱ የሰው ከሆነ ባለቤቱን ያስፈቅድ። ከኩይሳው ይልቅ ቅርንጫፍና ደረቅ ኩበት ላይ የተለሰነውን ትኩስ አፈር ይከታተል፣ ዘመቻው የሚመጣው እዚያ ነው። የገብረ ጉንዳንን ሰልፍ ከእሷ ለመለየት ቀላል ነው፦ የእሷ ሰልፍ አጭር ነው፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ሲመለስ ምስጥ ይዟል።

ክፍት ጫማ አታድርጉ፣ ትነድፋለች፣ ያማል። ሰልፉ ላይ አትቁሙ፣ ትንፋሽም አትልቀቁበት፣ ወዲያው ይበተናል። ድምፁን መስማት ከፈለጋችሁ አንድ ጊዜ በሣር ጫፍ መንካት ይበቃል። ሲመለሱ ከሰልፉ ኋላ ኋላ ሂዱ። ቁስለኞቹን የምታገኙት እዚያ ነው። ከቻላችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉ። የኢትዮጵያዋን ሜጋፖኔራ በእኛው ቋንቋ የሚያስተዋውቅ ምስል ቢበዛ ደስ ይለኛል። ምስጥ ያስቸገረው ዘመድ ካላችሁም ማላታይኑን ከማፍሰሱ በፊት ከኩይሳው ስር ማን እንደሚወጣ አንድ አመሻሽ ተቀምጦ እንዲያይ ንገሩት።